የተሰረዘችው መስመር

ከጓሳ ሥር፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እስከዳር፣

እመብርሃን ትጠብቅሽ። “ከጥምቀት ወዲህ ምነው ዝም አሉኝ፣ ምን አጠፋሁ?” ብለሽ በሾፌሩ በጌጡ እጅ የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል። ምንም አላጠፋሽም። የስልኩ መስመር ከጠፋ ወዲህ እንደ ድሮው እስክሪብቶ መጨበጥ ግድ ሆነ፣ ጣቴ ደግሞ በዚህ ብርድ አልታዘዝ አለኝ ልልሽ ነበር። ውሸት ነው። ደህና ወሬ እስኪገኝ እየጠበቅሁ ነበር፣ አልተገኘም።

እኛስ ደህና ነን። አማትሽም ከወገቧ በቀር ደህና ናት። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ያልነገርኩሽ የውሻችንን የመከታን ነገር ነው።

ወንድምአገኝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዓለም ከተማ ቤት ስትከራዩ ባለቤቶቹ ውሻ አናስገባም ቢሉት “አባባ፣ አደራ” ብሎ ደጄ ላይ አስሮት ሄደ። ልጄ ዐፈር ከገባ ወዲህ አደራውን የሚረከበኝ የለም፣ ውሻው ግን አለ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ጅብ በረቱን ጥሶ ገባና መከታ ተናንቆ መለሰው። አንድ ግልገል አልተነካም። እሱ ግን የግራ ታፋው ተዘነጠለ። በጨው ውኃ ሳጥበው ከረምኩ። ላይ ላዩን ደረቀልኝ ስል ለካ ውስጥ ውስጡን መግል ቋጥሯል። ሦስት ቀኑ ነው፣ ያ እግሩ አብጧል። የሚገርመኝ ማበጡ አይደለም። ሌላው እግሩ ይሞቃል፣ ይኸኛው ቀዝቅዟል። እህል አይቀምስም፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ጎረቤታችን ሙሉቀን መጥቶ አየውና “ውሻ ነው አያ ይታየው፣ ሌላ ታሳድጋለህ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቀዝ ብሏል። አንቺ የእንስሳ ሐኪም ነሽ፣ ልጄም ነሽ። ምን ላድርግ?

አባትሽ ይታየው


ዓለም ከተማ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ። ምን ላድርግ ላሉኝ፣ መምጣት የነበረብኝ እኔ ራሴ ነኝ። ግን የአባ ሰንጋ ክትባት ላይ ነን፣ በሦስት ቀበሌ ያለሁት ሐኪም እኔ ብቻ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። የእብድ ውሻ በሽታ አያስቡ፣ ክትባቱን ወንድምአገኝ አስወግቶታል።

የጻፉልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቁስሉ መርቅዞ ኢንፌክሽኑ ከሥጋው አልፎ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ደም እንዲህ ሲመረዝ ሥሩ ውስጥ ይረጋል፣ መንገዱን ይዘጋል። እግሩ የቀዘቀዘው ለዚህ ነው፣ ደም አይደርሰውም። በሽታው ከባድ ነው፣ አልደብቅዎትም። ውሾች ከዚህ ሲድኑም አይቻለሁ፣ ሲሞቱም አይቻለሁ።

ዋናው ሥራ ኢንፌክሽኑን መግደል ነው። እሱ ካልሞተ ደሙ መርጋቱን አይተውም። የላክሁትን እንክብል ጧትና ማታ በቅቤ ጠቅልለው ያስውጡት፣ መግሉም ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ። ሁለተኛው በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ዐሥር መርፌዎች ናቸው። የበግ ክትባት እንደሚወጉት የማጅራቱን ቆዳ ብድግ አድርገው የአንዱን ግማሽ ጧት፣ ግማሹን ቀትር፣ የሌላውን ግማሽ ማታ፣ እንዲህ እያሉ ይቀጥሉ። መርፌው ደሙን ያቀጥነዋል። የረጋውን ግን አያሟሟውም፣ እንዳይጨምር ብቻ ነው የሚይዘው። የረጋውን ገላው ራሱ ቀስ እያለ ያጠፋዋል። ቀን ይፈልጋል፣ ሳምንትም ሊሆን ይችላል። ድዱ ላይ ወይም ሽንቱ ላይ ደም ካዩ መርፌውን ያቁሙ።

ከዚህ በላይ የሰረዝኳትን መስመር ይለፉልኝ፤ ለእርስዎ የሚጻፍ ነገር አልነበረም።

እማማን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ እስከዳር


ከጓሳ ሥር፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እስከዳር፣

መድኃኒቱ ትናንት ጧት ደርሶ ያንኑ ዕለት ጀመርኩት። እንዴት አደረጉት ብለሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። እንዳልሽው ነው ያደረግሁት። ሲወጋ አይንቀሳቀስም፣ ዐይኑን ብቻ ወደኔ ያዞራል።

በቅቤ ጠቅልሉት ስትዪ ሁዳዴ መሆኑን ረሳሽው መሰል። አማትሽ “ውሻ ጾም የለበትም” ብላ ለፋሲካ ካስቀመጠችው ቅቤ እየቆነጠረች ትጠቀልልለታለች። ትናንት ጣቷ ላይ የቀረውን ሳታስበው ላሰችና “ጾሜን ገደፍኩ” ብላ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሮጠች። አርባ ዓመት ጾማ በውሻ ቅቤ ወደቀች ብዬ ሳቅሁባት። ልጄ በግንቦት ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እብጠቱ ግን አልጎደለም። ሁለት ቀን ሙሉ እጄን እያሳረፍኩ አየሁት፣ ያው ነው። እኔም ዝም ብዬ አላይም። አገሩ በቅሎው እግሩ ሲያብጥበት ወደማን እንደሚመጣ ታውቂ የለ። አንቺ ባለሽው ላይ እኔም የእጄን እጨምርበታለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የመርፌው ሣጥን ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ልጠሽ መጣል ረስተሽዋል። ወንድምአገኝ ይታየው ይላል። የልጄን ስም ምን አመጣው? የሞተው በሳንባ ምች ነው አላላችሁኝም?

አባትሽ ይታየው


ዓለም ከተማ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

ስለ ወረቀቱ አልዋሽዎትም። የማልዋሽዎት ግን ጠየቁኝና ነው፤ ባይጠይቁኝ እስከ መቃብሬ ይዤው እሄድ ነበር።

መርፌዎቹ የሱ ናቸው። ሳንባ ምች ያልነው እናቱ ፊት የሚባል ሌላ ነገር ጠፍቶን ነው። ከሞተር ሲወድቅ የተሰበረው እግሩ ቁስሉ መረቀዘ። ከዚያ ደሙ ረጋ። የመከታ ዓይነት ነው፣ አንድ ነው። “እስኩ፣ እግሬ ከበደኝ” አለኝ። እኔ ጄሶው ጠብቆህ ነው አልኩት። እንስሳ የማክም ሴት፣ ላም ብትሆን በዐይኔ የምለየውን፣ ባሌን ጄሶ ነው አልኩት። ሦስት ቀን ጄሶ ነው አልኩት። ሐኪሞቹ ሲነግሩኝ መርፌው እዚህ አልተገኘምና አዲስ አበባ ሄድኩ። ዐሥሩን ገዝቼ፣ መንገዱን ሁሉ ጡቴ ሥር ይዤ መጣሁ። ሆስፒታል ስደርስ የአልጋው አንሶላ ተነሥቶ ፍራሹ ተጠቅልሏል። የረጋው ደም ከእግሩ ተነቅሎ ሳንባው ሄዶበት ነው። አንዱንም አልተወጋውም።

ክትባት ላይ ነኝ ያልኩዎት እውነት ነው፤ ግን መምጣት የተውኩት ለሱ ብቻ አይደለም። ከቀብሩ ወዲህ ደጅዎን መርገጥ አቃተኝ። እናቱ ዐይን ውስጥ እንዴት እገባለሁ?

አባባ፣ እብድ ናት አይበሉኝ። ሣጥኑን ለጌጡ ስሰጠው በልቤ አንድ ነገር ተሳልኩ። እነዚህ መርፌዎች መከታን ካተረፉት ራሴን ይቅር እላለሁ አልኩ። ውሻው ከዳነ እኔም እድናለሁ። ይኸው ነገርኩዎት።

እብጠቱ በሁለት ቀን አይጎድልም። ይታገሡልኝ።

ልጅዎ እስከዳር


ከጓሳ ሥር፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እስከዳር፣

ወረቀትሽን ጥዱ ሥር ብቻዬን አነበብኩት። ለአማትሽ ለወለተኪዳን አልነገርኳትም፣ አትንገር ካልሽኝም አልነግራትም። አንቺን የሚከስ አፍ በዚህ ቤት የለም። ጄሶ ነው ያልሽው ጄሶ መስሎሽ ነው። የወደደ ሰው ክፉውን ቶሎ አያስብም።

ለጠየቅሽኝ፣ መከታ ደህና ነው። ትናንት ተነሥቶ ቆመ። ሾርባ ጠጣ። እግሩ መሞቅ ጀምሯል። ዛሬ እስከ በረቱ ደጅ እያነከሰ ሄዶ ግልገሎቹን አሽትቶ ተመለሰ። ሙሉቀን አይቶት አፈረ።

ስለዚህ ተኚ። እህል ብዪ። ያልሽው ስለትሽ ደርሷል።

አባትሽ ይታየው


ዓለም ከተማ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚህ ሌላ ቃል አጣሁ። ወረቀትዎን ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብኩና አህያ ይዘው የመጡ ሰውዬ ፊት አለቀስኩ። ሰውዬው አህያቸው የሞተች መስሏቸው ደነገጡ።

ያን ዕለት እራቴን በላሁ። የወንድምአገኝን ጃኬት ከሚስማሩ ላይ አወረድኩት፣ አጠብኩት። ዐሥር ወር ሙሉ አልነካሁትም ነበር።

ሐኪም መሆኔ አይለቀኝምና ልጠይቅዎት። ድዱ ሮዝ ነው ወይስ ነጣ ይላል? መርፌው የገባበት ቦታ ጠቁሯል? እግሩን ሲረግጥ ጥፍሩን ይጎትታል? እንክብሉ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዳይቋረጥ፣ ሌላም ልኬያለሁ። የዳነ መስሎ የሚመለስ በሽታ ነው።

ለፋሲካ እመጣለሁ። እናንተንም፣ እሱንም ልይ። ለመከታ አጥንት ይቀመጥለት።

ልጅዎ እስከዳር


ከጓሳ ሥር፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እስከዳር፣

ድዱ ደህና ነው። መርፌው የገባበትም ደህና ነው። ጥፍሩም ደህና ነው።

ለፋሲካ አትምጪ። መንገዱ ደህና አይደለም ይላሉ፣ ብርዱም ከብዷል፣ አማትሽም ወገቧ ተነሥቶባታል። ለሙት ዓመቱ ግንቦት ላይ ትመጫለሽ።

መድኃኒት ከእንግዲህ አትላኪ። የተረፈውን በጌጡ እጅ መልሼልሻለሁ። መድኃኒት ነው አይጣል፣ የልጄ ስም ያለበትንም በረት ውስጥ ማስቀመጥ ከበደኝ። ሌላ ሰው ይዳንበት።

አባትሽ ይታየው


ዓለም ከተማ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ሦስት ሳምንት ምነው ጠፋሽ ብለው በጌጡ መጠየቅዎን ሰምቻለሁ። ብጽፍ ምን እንደምጽፍ ስለማውቅ ነው የጠፋሁት።

ሣጥኑ ደረሰኝ። ሰባት መርፌ አለበት። ሦስት ተሰጥቷል ማለት ነው። ሦስት መርፌ የሁለት ቀን ነው። እንክብሉም የአራት ጊዜ ብቻ ጎድሏል። አባባ፣ ከዚህ በሽታ በሁለት ቀን መድኃኒት የተነሣ ውሻ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን መርፌውን ገደል ጥሎት ዝም ይል ነበር። እርስዎ መድኃኒት አይጣልም ብለው መለሱልኝና ራስዎን አጋለጡ።

መከታ የሞተው በሦስተኛው ቀን ነው። እንዴት እንደሞተም አውቄዋለሁ። “የእጄን እጨምርበታለሁ” ብለውኝ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ውሻው ይድናል የሚለው ሐሳብ ይዞኝ አላስተዋልኩትም። የእርስዎ እጅ የሚያውቀው ምላጭ ነው። በጥተውታል። በዚያ መርፌ ላይ የተበጣ እግር ደሙ አይቆምም።

ግን ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። አሁን የምጽፈውን ከጻፍኩ በኋላ ልጄ ባይሉኝ አልፈርድብዎትም። መድኃኒቱን ስልክ አንዲት መስመር ጽፌ ሰርዤ ነበር። ይለፉልኝ ያልኩዎት። ምላጭ እንዳያስነኩት ነበር የምትለው። ጻፍኳትና አፈርኩ። አገር በቅሎውን ጎትቶ የሚመጣላቸውን ሰው፣ የባሌን አባት፣ ትናንት ከከተማ ትምህርት ቤት የወጣሁ ምራት እንዴት ምላጭዎን ያስቀምጡ እላለሁ? ወንድምአገኝ ልጅ ሆኖ ምላጩን እንዴት ይይዝልዎት እንደነበር ስንት ጊዜ አጫውቶኛል፣ በእርስዎ እጅ ይኮራ ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። እስክሪብቶውን አመላልሼ አጠፋኋት። እርስዎ ገበሬ ነዎት፣ ሐኪም አይደሉም፣ ማወቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። አውቄም ነበር። ባሌን ባለማወቄ ገደልኩት፣ ውሻውን አውቄ።

ይኸው ነው። ለሙት ዓመቱ ልምጣ ወይስ ልቅር? እርስዎ እንዳሉ ይሆናል።

እስከዳር


ከጓሳ ሥር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እስከዳር፣

ልምጣ ወይስ ልቅር ያልሽውን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ። ደብዳቤሽ ሥር “ልጅዎ” ማለትሽን ትተሻል፤ ያንንም ሁለተኛ እንዳላይ።

በጥቼዋለሁ። መጋቢት ሁለት ቀን ጧት፣ የጧቱን መርፌ ሳልወጋው። መርፌሽ ደሙን ካቀጠነው፣ የረጋው ቀጥኖ ይወጣል፣ ማውጣቱ የኔ ፋንታ ነው አልኩ። በልቤም ኮራሁ፤ የእስከዳር ትምህርትና የይታየው ምላጭ ተጋግዘው የልጄን አደራ አዳኑ ልል ነበር። አንዲት ጭረት ናት። በበቅሎ ላይ ቢሆን ጨርቅ ሳላስር የምትቆም። አመድ ነሰነስኩ፣ የሸረሪት ድር አኖርኩ፣ ወለተኪዳን ነጠላዋን ቀዳ ጠመጠመችበት። እስከ ቀትር ፈሰሰ። አልጮኸም። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ጅራቱን ሁለት ጊዜ አወዛወዘልኝ፣ ያ ነው የጎዳኝ። አደራ በላ ሆንኩ። ከበረቱ ጀርባ ቀበርኩት። ሙሉቀን ሳልጠራው አካፋ ይዞ መጣ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። መስመርሽን አንብቤያታለሁ።

በቀበርኩት ማግሥት ምን አጠፋሁ ብዬ ወረቀትሽን አወጣሁ። ከላይ እስከ ታች ምላጭ የሚል አጣሁበት። ከዚያ የሰረዝሽውን አየሁ። ወረቀቱን ገልብጬ በበሩ ብርሃን ያዝኩት። ስትጽፊ እጅሽ ይከብዳል፣ ጀርባው ላይ ፊደሉ ጎበጥ ጎበጥ ብሎ ይታያል። “አባባ፣ እባክዎን ምላጭ እንዳያስነኩት፣ ደሙ ከጀመረ አይቆምም።” ፊደል በፊደል ቆጠርኳት። መጀመሪያ ተናደድኩብሽ። ውሸት አልጽፍልሽም፣ አንድ ሳምንት ተናደድኩብሽ። ዝምታሽን ምን ብዬ ይቅር እንደምል አላወቅሁም።

ከዚያ ያ ደብዳቤሽ መጣ። የአንሶላው። ውሻው ከዳነ እኔም እድናለሁ የምትዪው።

ያን ጊዜ ውሻው ከተቀበረ ስምንት ቀኑ ነበር። ሞተ ብልሽ እንዴት ሞተ ትያለሽ። በጥቼው ብልሽ ያቺ መስመር ትመጣብሻለች። በባልሽ ላይ ይህን ደግሞ ልትሸከሚ ነው። ንዴቴ ያን ቀን ሄደ፣ የት እንደሄደ አላውቅም። ስለዚህ አስነሣሁት። ሾርባ ጠጣ አልኩሽ፣ ግልገል አሸተተ አልኩሽ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዐቢይ ጾም ቁጭ ብዬ ሐሰት ጻፍኩ። ንስሐ አባቴ አርባ ስግደት ጨምረውብኛል። ጃኬቱን አጠብኩት ያልሽኝን ሳነብ ግን ስግደቱ አልበዛብኝም። ጉዱን ያመጣብኝ ሣጥኑ ነው፤ ቆጥረሽ ትይዥኛለሽ አላልኩም።

አውቄ ገደልኩት አትበዪ። አንቺ አከበርሽኝና ዝም አልሽ፣ እኔ አምኜሽ ምላጭ አነሣሁ። ከእንግዲህ ስትጽፊልኝ ግን አትሰርዢ። ክፉም ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን፣ እንዳለ ልቀቂው። ምላጩን ጓሳ ወስጄ ድንጋይ ሥር ጥዬዋለሁ፣ በቅሎ የሚያመጣ ሰው ቢመጣ ወዳንቺ ነው የምልከው።

ግንቦት ላይ ነይ። ስለ እናቱ ዐይን አትፍሪ፣ ሁሉን ነግሬያታለሁ። ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ “ያቺ ልጅ ይህን ሁሉ ወር ብቻዋን ነበረች?”

የቀሩትን መርፌዎች አውጥተሽ ባዶውን ሣጥን ይዘሽልኝ ነይ። በጌጡ ስልክልሽ አንድ ቀን ሙሉ ከእጄ አልወጣም ነበር። የልጄ ስም የተጻፈበት ከዚያ ሌላ ምንም የለኝም።

አባትሽ ይታየው